የልጆች የመብራት ፕሮጀክት እቤት ሲመጣ፦ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ፕሮግራምና ስለ ጥንቃቄ ማወቅ ያለብን

ኩዌት ውስጥ ልጆች ባሉበት ቤት የምትሠሩ ይህን ነገር ሳታዩት አትቀሩም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ አንድ ከረጢት ይዟል። ውስጡ ሽቦ አለ፣ እንደ አተር ፍሬ የሚያካክሉ አምፖሎች አሉ፣ ባትሪ አለ፣ አንዳንዴም የባንክ ካርድ ግማሽ የምታክል ትንሽ ሰሌዳ አለች። ረመዳን ሲጋመስ የገርጌአን ፋኖስ ይሠራል፣ ፌብሩዋሪ 25 እና 26 ለሚከበሩት ለብሔራዊ ቀንና ለነፃነት ቀን ደግሞ የሚበራ ባንዲራ ይሠራል። "ሳዒዲኒ" ይላል፣ አግዢኝ ማለት ነው። ማዳም ሥራ ላይ ነች፣ ባባ ዲዋኒያ ሄዷል። እቤት ያለነው እኛ ነን።

"ይሄ የኔ ሥራ አይደለም" ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ልጁ ብቻውን ከባትሪና ከሶኬት ጋር ቀርቶ አደጋ ቢደርስበት መጀመሪያ "አንቺ የት ነበርሽ?" የምንባለው እኛ ነን። ሁለተኛ፣ ነገሩ ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው፣ ከዚያ በታች የተማረም ቢሆን፣ በአንድ ከሰዓት ሊገባው ይችላል። ከገባን ደግሞ ልጁን ከአደጋ እንጠብቃለን፣ እውቀቱንም አገር ቤት ላሉት ልጆቻችንና ወንድም እህቶቻችን እናደርሳለን።

መብራት የሚበራው መንገዱ ክብ ሲሆን ነው

በትምህርት ቤት "የኤሌክትሪክ ዑደት" ሲባል የሰማነው ይሄ ነው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው በፖዘቲቭ (+) በኩል ይወጣል፣ በሽቦ ይሄዳል፣ በአምፖሉ ውስጥ ያልፋል፣ በሌላ ሽቦ ተመልሶ በኔጋቲቭ (-) ይገባል። መንገዱ አንድ ቦታ ከተቆረጠ ሁሉም ነገር ይቆማል። ማብሪያ ማጥፊያም ሌላ ምስጢር የለውም፤ መንገዱን ይቆርጣል፣ መልሶ ያገናኛል፣ በቃ።

ሦስት ቃላት ደግሞ አሉ። እዚህ አገር ቤቶች ጣራ ላይ የውሃ ታንከር አላቸው። ታንከሩ ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው ቧንቧ ላይ በኃይል ይወርዳል። ያ ግፊት ማለት ቮልት ነው። በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው የውሃ መጠን አምፔር ነው። ቧንቧውን በትንሹ ብቻ ስንከፍት ውሃው ይቀንሳል፤ ያ መንገዱን የሚያጠበው ነገር የሚለካው በኦም ነው። ከልጁ ከረጢት ውስጥ የምታገኟት፣ ባለ ቀለም መስመር ትንሽዬ ዘንግ ሬዚስተር ትባላለች። ሥራዋ ቧንቧውን ማጥበብ ነው።

ትንሿ አምፖል ኤልኢዲ ትባላለች። ሁለት እግር አላት፣ ረጅሙ ወደ ፖዘቲቭ፣ አጭሩ ወደ ኔጋቲቭ ነው። ከተገለበጠች አትበራም። ስለዚህ "ተበላሸ" ብሎ ከመጣል በፊት መገልበጥ ነው።

ከወጥ ቤት በሚገኝ ዕቃ የሚሠራ የመጀመሪያ መብራት

ከሰሌዳውና ከፕሮግራሙ በፊት ልጁ ይህን ይሥራ። የሚያስፈልገው ካርቶን፣ የምግብ መጠቅለያ ፎይል (ማዳም ቀስዲር የምትለው)፣ ስኮች፣ ሁለት የሪሞት ባትሪ ከነማስቀመጫው፣ አንድ ቀይ ኤልኢዲ እና አንድ 220 ኦም ሬዚስተር ነው። ሀወሊ ኢብን ኸልዱን መንገድ ያሉት የኮምፒውተርና የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች አካባቢ ቢጠየቅ ይገኛል።

1. ካርቶኑ ላይ ትልቅ ክብ ይሣል። የኤሌክትሪኩ መንገድ ይሄ ነው።
2. ፎይሉን አንድ ጣት ያህል ስፋት አድርጋችሁ ቁረጡና በመስመሩ ላይ ለጥፉ። አራት ቦታ ክፍተት ተዉ፦ ለባትሪ፣ ለሬዚስተር፣ ለኤልኢዲ እና ለማብሪያ።
3. ሬዚስተሩንና ኤልኢዲውን በየክፍተታቸው ላይ አድርጋችሁ እግራቸውን ከፎይሉ ጋር አጥብቃችሁ በስኮች ያዙ። ስኮቹ ከላይ ይሁን። በፎይሉና በእግሩ መካከል ከገባ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።
4. ሁለቱ ባትሪዎች 1.5 እና 1.5፣ ድምሩ 3 ቮልት ነው። ማስቀመጫው ቀይና ጥቁር ሽቦ ካለው ቀዩ ፖዘቲቭ ነው። ሁለቱን ሽቦዎች በባትሪው ክፍተት ግራና ቀኝ ካለው ፎይል ጋር አያይዙ።
5. ለማብሪያው ሌላ ትንሽ ካርቶን በፎይል ጠቅልሉ። ሲጫን ክፍተቱን ይዘጋል፣ ሲነሳ ይከፍታል።

አሁን ስሌቱን ለልጁ አሳዩት። ቀይ ኤልኢዲ ወደ 2 ቮልት ይወስዳል። ከ3 ላይ 2 ሲቀነስ 1 ቮልት ይቀራል። 1 ለ220 ሲካፈል ወደ 0.0045 አምፔር ይሆናል፣ ማለትም 4.5 ሚሊ አምፔር። እንዲህ ያለች ኤልኢዲ ብዙውን ጊዜ እስከ 20 ሚሊ አምፔር ትችላለች፣ ስለዚህ አትቃጠልም። ሬዚስተር የሚገባው ለዚህ ነው።

ካልበራ አትደንግጡ፣ ልጁም እንዲያለቅስ አትተዉት። ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ነው። በተራ ይፈልግ፦ ኤልኢዲው ተገልብጧል? ፎይሉ ተቀዷል? ባትሪው በትክክል ገብቷል? ስኮቹ ላልቷል? መልሱን ከመንገር "መንገዱ የት የተቆረጠ ይመስልሃል?" ብላችሁ ጠይቁት። ክቡን በጣቱ እየተከተለ ራሱ ያገኘዋል።

ከበራ በኋላ ደግሞ ማብሪያው ባለበት ክፍተት ላይ የተለያየ ዕቃ ይሞክር። የብረት ማንኪያ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ የፕላስቲክ ክዳን፣ ቁልፍ፣ የፊልስ ሳንቲም። ከመሞከሩ በፊት "ይበራል ወይስ አይበራም?" ብሎ ይገምት። ብረቶቹ ያበራሉ፣ እንጨትና ፕላስቲኩ አያበሩም። ሽቦው ውስጡ መዳብ፣ ውጪው ፕላስቲክ የሆነው ለምን እንደሆነ ያኔ ይገባዋል።

አንድ የበራለት ልጅ ሁለተኛ ይጨምራል። ሁለት ቀይ ኤልኢዲ ተከታትለው በአንድ መስመር ከገቡ 2 እና 2፣ 4 ቮልት ይፈልጋሉ። ያለን 3 ነው፣ ስለዚህ በደንብ አይበሩም። ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን መንገድና የራሳቸውን ሬዚስተር ብትሰጧቸው ግን ሁለቱም ይበራሉ። የቤታችን መብራትም የተሠራው እንደዚህ ነው። የሳሎኑ አምፖል ሲቃጠል የወጥ ቤቱ የማይጠፋው መንገዳቸው ለየብቻ ስለሆነ ነው። ግን መንገድ በጨመርን ቁጥር ከምንጩ የሚወጣው አምፔር ይደመራል። በጁን 2024 ሙቀቱ ሲበረታ ኩዌት በአንዳንድ አካባቢ መብራት በፈረቃ እስከማጥፋት የደረሰችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁሉም ቤት ኤሲ ከፍቶ የሚፈለገው ኃይል ከሚመረተው በላይ እየሆነ ነበር። ለእኛ ፈረቃ አዲስ አይደለም፣ ለልጆቹ ግን አዲስ ስለነበር የጠየቁ ብዙ ናቸው።

ፕሮግራም ማለት ምንድን ነው?

ይህን ቃል ሰምታችሁ ከፈራችሁ የልብስ ማጠቢያውን አስቡ። አንድ ቁልፍ እናዞራለን፣ ማሽኑ ውሃ ይሞላል፣ ያጥባል፣ ያለቀልቃል፣ ይጨምቃል፣ ያቆማል። ማን አዘዘው? አስቀድሞ በተራ የተጻፈለት ትዕዛዝ። ፕሮግራም ያ ነው። በልጁ መብራት ላይም ለውጡ አንድ ብቻ ነው፤ ማብሪያውን በጣት ከመጫን ይልቅ ሰሌዳዋ በተጻፈላት ትዕዛዝ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ዑደቱ ያው ክብ ነው።

ልጆች ጋ በብዛት የምታገኟቸው ሁለት ሰሌዳዎች አሉ። አንዷ ማይክሮቢት ናት። በ2016 ቢቢሲ እንግሊዝ አገር ለሚገኙ ወደ 1 ሚሊዮን ለሚጠጉ ተማሪዎች በነፃ ያደላት ናት። 25 ትንንሽ ቀይ መብራቶች፣ ሁለት ቁልፎች አሏት፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ትሠራለች። ብርሃንና መነቅነቅም ታውቃለች። ሌላዋ አርዱይኖ ትባላለች፣ በ2005 ጣሊያን አገር ኢቭሪያ ከተማ ለተማሪዎች ተብላ የተሠራች። አርዱይኖ ትንሽ ከፍ ላሉ ልጆች ትሆናለች።

ትዕዛዙ የሚጻፈው በኮምፒውተር ወይም በታብሌት ነው። ለትንንሾቹ መጻፍም አያስፈልግም፣ ባለ ቀለም ጡቦችን እየጎተቱ መደርደር ነው። የዚህ አሠራር ታዋቂው ስክራች ነው፣ አሜሪካ ያለው ኤምአይቲ በ2007 ያወጣው። ነፃ ነው፣ ደስ የሚለው ደግሞ በአማርኛም አለ። ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ "አማርኛ" የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው።

ለማይክሮቢት ሽቦ ሲያያዝ እንዲህ ነው፦ 0 ከተጻፈበት ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ሬዚስተር፣ ከዚያ ወደ ኤልኢዲ ረጅም እግር፣ ከአጭሩ እግር ተመልሶ ጂኤንዲ ወደሚባለው የመጨረሻ ቀዳዳ። ትዕዛዙ በአማርኛ ሲነበብ ይህን ይመስላል፦

ሁልጊዜ ድገም፦
0 ቁጥርን አብራ
ግማሽ ሰከንድ ጠብቅ
0 ቁጥርን አጥፋ
ግማሽ ሰከንድ ጠብቅ

ልጁን "ግማሹን ሰከንድ 2 ሰከንድ ብናደርገው ምን ይሆናል?" በሉት። ቀጥሎ "የመጨረሻውን 'ጠብቅ' ብናወጣውስ?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ "ይጠፋል" ይላሉ። ሲሞክሩት ግን ሳይጠፋ የሚበራ ይመስላል። ምክንያቱም ካጠፋ በኋላ ሳይጠብቅ ወዲያው ተመልሶ ያበራል፤ የጠፋበትን ጊዜ ዓይናችን አይደርስበትም። አንድ መስመር ነገሩን ሁሉ እንደሚቀይር ልጆች የሚማሩት እንዲህ ነው።

የገርጌአን ፋኖስና የባንዲራ መብራት

ገርጌአን ማለት በረመዳን 13፣ 14 እና 15 ምሽት ልጆች የባህል ልብስ ለብሰው፣ እየዘፈኑ በየቤቱ ዞረው ለውዝና ከረሜላ የሚሰበስቡበት ነው። ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በቡሄ ሆያ ሆዬ እያልን ሙልሙል እንሰበስብ የለ! ፋኖስ የሚለው ቃል እንኳን በአረብኛም በአማርኛም አንድ ነው።

ለፋኖሱ ካርቶን በአራት በኩል ይቀደድና ባለ ቀለም ስስ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ማይክሮቢቷና ባትሪው ውስጥ ይቀመጣሉ። ትዕዛዙ "ከጨለመ አብራ፣ ካልጨለመ አጥፋ" ሊሆን ይችላል። ወይም "ልጁ ሲነቀንቀው ብልጭ ድርግም በል"። በሻማ ፋንታ በዚህ መንገድ የተሠራ ፋኖስ የልጆቹን ልብስ አያቃጥልም፣ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ለባንዲራው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጥቅልል የመብራት ገመድ ነው። በእያንዳንዷ ነጥብ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት አለ፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ቁጥር ይሰጠዋል። ሦስቱም 255 ሲሆኑ ነጭ ይሆናል። ቀይና አረንጓዴ አንድ ላይ ቢጫ ይሰጣሉ፣ ይሄ ከቀለም እርሳስ የተለየ ስለሆነ ልጆች ይገርማቸዋል። የኩዌት ባንዲራ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቀይና ጥቁር ነው። ጥቁር መብራት ግን የለም፣ ስለዚህ በዚያ ቦታ ሦስቱንም 0 ማድረግ ነው። ልጁ ይህን ከጨረሰ "አሁን የኔን አገር ሥራልኝ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ" በሉት። ቢጫውን ለማግኘት ራሱ ቁጥር መቀየር ይኖርበታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። እንዲህ ዓይነት ባለ 5 ቮልት ገመድ ላይ አንዷ ነጥብ በሙሉ ነጭ ስትበራ እስከ 60 ሚሊ አምፔር ልትወስድ ትችላለች። 30 ነጥብ ከሆነ 1.8 አምፔር ነው። ትንሿ ሰሌዳ ይህን አትችልም፣ ትግላለች። ብርሃኑን መቀነስ ወይም የነጥቦቹን ቁጥር ማሳነስ ነው። የሚግል ነገር ካያችሁ ወዲያው ንቀሉ።

የግድግዳው ኤሌክትሪክ ሌላ ነው

አሁን የተናገርኩት ሁሉ ለ3 እና ለ5 ቮልት ነው። የኩዌት ሶኬት 240 ቮልት ነው። ልጁ "ብረት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል" ብሎ በተማረ ማግስት ቁልፍ ይዞ ሶኬት ላይ ሊሞክር ይችላል። ስለዚህ ማንኪያውን ከማስሞከራችሁ በፊት ንገሩት፦ "በባትሪ ብቻ። ግድግዳው ላይ በፍጹም።"

ለምን እንደሆነ ይገባው ዘንድ ይህን ንገሩት። ለአንዲት ትንሽ ኤልኢዲ የሚበቃው ከ10 እስከ 20 ሚሊ አምፔር በሰው ሰውነት ውስጥ ቢያልፍ ጡንቻን አጨብጦ እጅን እንዳይለቅ ሊያደርግ ይችላል። ከዚያ በላይ ሲሆን ልብን ያቆማል። 3 ቮልት ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ደረቅ ቆዳችንን አልፎ ያን ያህል መግፋት አይችልም። 240 ግን ይችላል፣ እጅ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

እኛም የምናደርገው አንድ ነገር አለ። የኩዌት ሶኬት ሦስት ቀዳዳ ነው፣ ብዙ የስልክ ቻርጀር ደግሞ ክብ ሁለት እግር ነው። እንዲገባ ብለን የላይኛውን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ወይም በቁልፍ የምንከፍት አለን። ያ ቀዳዳ የተሠራው ሌሎቹ ሁለቱ በክዳን እንዲዘጉ፣ የልጅ ጣት እንዳይገባ ነው። ልጁ እያየን ስንከፍተው መንገዱን እያስተማርነው ነው። አዳፕተር ግዙ ወይም ይገዛላችሁ ዘንድ ጠይቁ።

ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው በእጃችሁ አትንኩት። ማብሪያውን ወይም ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ካልቻላችሁ በደረቅ እንጨት ወይም ፕላስቲክ አላቁት። 112 ደውሉ።

ክብ ባትሪ፦ ደቂቃ የማይሰጥ አደጋ

ሳንቲም የሚመስለው ክብ ባትሪ፣ በተለይ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲአር 2032 የሚባለው፣ በብዙ የመብራት መጫወቻና በመኪና ሪሞት ውስጥ አለ። ሕፃን ከዋጠውና ጉሮሮው ላይ ከተሰነቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ውስጡን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ያረጀውና "አልቋል" የተባለውም ያው ነው። ልጁ መጀመሪያ ላይ ምንም ላይታይበት ይችላል፣ ወይም ያስለው፣ ምራቅ ያዝረከርከው፣ ምግብ እንቢ ይል ይሆናል።

ከተጠረጠረ፦
- ወዲያው 112 ወይም ቀጥታ ሆስፒታል። ነገ እናየዋለን የለም።
- እንዲያስመልሰው አታድርጉ። ሐኪም ካላዘዘ ምግብና መጠጥ አትስጡ።
- ተመሳሳይ ባትሪ ወይም ማሸጊያው ካለ ይዛችሁ ሂዱ።
- ለማዳም ወዲያው ንገሩ። "ይቆጡኛል" ብሎ መደበቅ ልጁን ሊገድል ይችላል፣ ለእኛም የባሰ ጣጣ ነው። መቼ እንዳያችሁና መቼ እንደነገራችሁ በስልክ መልእክት ጭምር ቢሆን ይጠቅማችኋል።

ለዚህ ነው ከላይ ለመጀመሪያው ሥራ የሪሞት ባትሪ ያልኩት። ታናሽ ሕፃን ባለበት ቤት ክብ ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አይቅር። ከሥራ በፊት ቁጠሩ፣ ከሥራ በኋላም ቁጠሩ። ያለቀውን ሁለቱንም ፊት በስኮች አሽጋችሁ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ።

ሌላም ሁለት ነገር። ያበጠ ወይም የተወጋ የስልክና የፓወር ባንክ ባትሪ ለልጅ ፕሮጀክት አይሆንም፤ እሳት ይነሳል። በበጋ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ሲደርስ የቆመ መኪና ውስጥም አትተዉት። ሽቦ በእርሳስ የሚበየድበት ብረት ደግሞ ከ300 ዲግሪ በላይ ስለሚግል የአባት ወይም የአስተማሪ ሥራ ነው፣ የእኛም የልጁም አይደለም።

የሚጠቅሙ የአረብኛ ቃላት

ኤሌክትሪክ፦ ከህረባ
መብራት፦ ሌት
ሽቦ፦ ዋየር
ባትሪ፦ በጣሪያ
ፖዘቲቭ፦ ሙጀብ
ኔጋቲቭ፦ ሳሊብ
አደጋ አለው፦ ኸጠር
አትንካ፦ ላ ተልመስ

ስለ ሥራችንም አንድ ቃል

በኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68/2015 መሠረት የሥራ ሰዓት በቀን ከ12 ሰዓት አይበልጥም፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን አለ። ልጅን በፕሮጀክት ማገዝ በዚያው ሰዓት ውስጥ የሚቆጠር ሥራ ነው፣ ከእንቅልፍ ላይ የሚቀነስ አይደለም። አስተማሪ ተብለንም አልተቀጠርንም። ለማዳም በግልጽ መናገር ይሻላል፦ "በባትሪ የሚሠራውን አብሬው እቀመጣለሁ፣ ሶኬትና ብየዳ ግን እናንተ እቤት ስትሆኑ ይሁን።" ብዙዎቹ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

ወደ አገር ቤት

ሳልሚያ ያለው ሳይንቲፊክ ሴንተር ከ2000 ጀምሮ፣ በ2018 የተከፈተው የሼክ አብዱላህ አል ሳሌም የባህል ማዕከል ደግሞ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሙዚየም አላቸው ተብለው ልጆች ይወሰዳሉ። አብራችሁ ከተላካችሁ ቦርሳ ብቻ ይዛችሁ አትቁሙ፣ እያያችሁ ጠይቁ።

አገራችንም ጅምር አለ። ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በእጃቸው የሚሠሩባቸው ማዕከላት እንዲከፈቱ አድርጓል፤ አዲስ አበባ ያለው አይኮግ ላብስም ለልጆች ኮዲንግ ሲያስተምር ቆይቷል። ቤተሰባችሁ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ካለ ሄደው እንዲጠይቁ ንገሯቸው።

ይህ ሁሉ ባይኖርም ሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ ከተበላሸ የእጅ ባትሪ የወጣች ኤልኢዲ፣ ካርቶንና ቁራጭ ሽቦ የትም ይገኛል። ያ ዓይነቱ ኤልኢዲ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ነው፣ ወደ 3 ቮልት ይፈልጋል፣ በሁለት ባትሪ ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ይበራል። አርብ ዕረፍት ስትሆኑ በኢሞ ደውሉና ልጃችሁ ሽቦውን ሲያገናኝ እዩት። ካልበራ "መንገዱ የት ነው የተቆረጠው?" በሉት፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ።